የነጩ ዳኛ

ሰፈሩ «ጋሽ ከለር» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከመታወቂያው በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሥራው ጌም ቤት ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለች ጠባብና ረጅም ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ደርድሮ፣ በየሥሩ የጌም ማጫወቻ አስቀምጦ፣ ወጣቱን ኳስና የመኪና እሽቅድድም ያጫውታል። ይኼ ብቻ ቢሆን ማንም ስሙን አያነሣም ነበር፤ ጌም ቤት ያለው ሰው ሞልቷል። እሱን ያስጠራው ዓይኑ ነው።

አዲስ ቴሌቪዥን የገዛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነበር። ከሱቅ የወጣ ቴሌቪዥን ሁሉ ቀጣፊ ነው ባይ ነው፤ ገዢ ሊያማልል ተኳኩሎ የቆመ ስለሆነ ፊቱን ካላጠቡለት መልኩ አይታወቅም ይላል። ከዚያ ሪሞቱን ይቀበልና ማጠብ ይጀምራል። መጀመሪያ ጌም ሞድ ላይ ያደርገዋል፤ አለበለዚያ ጆይስቲኩን ተጭነህ ኳሷ እስክትመታ ምስሉ እየተንቀራፈፈ ያበግንሃል። ቀጥሎ የሰውን ፊት እንደ ምላጭ ያሰላውን ሻርፕነስ ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ ጨለማ ክፍል ያለበት ጌም ከፍቶ፣ ጥግ ላይ የተሸሸገው ጠላት በጭላንጭል እስኪታይ ብርሃኑን ያስተካክላል። መጨረሻ ላይ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ የቀለም ሙቀት የሚባለው ጋ ይደርሳል። አንዱ ጫፍ ቀዝቃዛው ነው፣ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ሌላው ጫፍ ሞቅ ያለው ነው፣ ወደ ቢጫ ይሄዳል። እውነተኛው ነጭ መሀል ቤት የሆነ ቦታ ተደብቋል፣ የሱም ጥበብ ጣቱን እዚያ ላይ ማሳረፍ ነበር። ነጩ ነጭ ካልሆነ ሣሩም፣ ሰማዩም፣ የሰው ፊትም ውሸት ነው ይላል።

ጀማሪ ሳለ ወረቀት ይጠቀም ነበር። ነጭ ማሊያ የለበሰ ቡድን ይከፍትና፣ ንጹሕ ነጭ ወረቀት የመስኮቱ ብርሃን እንዲያርፍበት አድርጎ ከስክሪኑ ጎን ይይዛል፤ ማሊያውና ወረቀቱ እስኪመሳሰሉ ይነካካል። ስሙ ሲገንን ወረቀቱን ተወው። ምነው ሲሉት «ወረቀቱ እኔ ነኝ» ይላል፣ ሰውም ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ፤ አሁን ሳስበው ግን አያስቅም።

ታናሽ ወንድሙን ያሳደገው እሱ ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲያልፉ ታናሽየው የጫማውን ማሰሪያ በቅጡ የማያስር ሕፃን ነበር። ጋሽ ከለር ያን ጊዜ ትምህርቱን ጥሎ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ገባ፤ ልጁን አበላ፣ አለበሰ፣ አስተማረ፣ ሚስት ላግባ ሳይልም ዕድሜው ሄደ። ትዳርስ ብለው ሲነካኩት «አንድ ልጅ አለኝ፣ እሱም በዝቶብኛል» ይላል፣ ወንድሙን በአገጩ እያሳየ። ልጁ ሲያድግ «ፉጨት» ተባለ፤ ገመድ ሲቀጥልም አቧራ ሲያራግፍም ካላፏጨ እጁ አይሠራለትም። ጌም ቤቱን አብረው ከፈቱት። ፉጨት አግብቶ፣ ሁለት ሴት ልጆች ወልዶ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ ቤት ሲከራይ እንኳ ጠዋት በሩን የሚከፍተው እሱ ነበር። «ጋሼ» ነው የሚለው ወንድሙን፣ ጋሼ ካለ አለቀ። በዚህ ዓለም ላይ ጋሽ ከለር የኔ የሚለው ሰው እሱ ብቻ ነበር። ይህችን ያዙልኝ፣ ያለሷ የቀረው ወሬ ምንም አይደለም።

አንድ ሰሞን ጋሽ ከለር ጠዋት ሲገባ ስክሪኖቹ ሁሉ ቢጫ ሆነው ታዩት። ነጩ ማሊያ ሻይ የተደፋበት መሰለ። ግንባሩን ቋጥሮ ሪሞቱን አነሣና አንድ በአንድ ወደ ቀዝቃዛው ገፋቸው። በማግስቱ ተመልሰው ቢጫ። ገፋቸው። አሁንም ቢጫ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከረመ፣ እየቆየም የሚገፋው እየበዛ ሄደ። ደንበኞች ማጉረምረም ጀመሩ፤ ዓይናችንን ወጋን፣ ተጫዋቾቹ ብርድ ያደረቃቸው መሰሉ አሉ። ያን ጊዜ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ አዲስ ጌም ቤት ተከፍቶ ነበርና አንድ ሁለት እያሉ ወደዚያ ሾለኩ።

ሌላም ነገር ነበር። ጋሽ ከለር ደረጃ ላይ እግሩን ይስታል። አንዱን ካልሲ ጥቁር አንዱን ሰማያዊ አድርጎ ይመጣል። የመኪና መብራት ሲመጣበት ፊቱን ይሸፍናል። ይኼን ሁሉ ፉጨት አይቷል፤ ያሳደገውን ሰው እንዴት አያይ? ግን ጋሼን ዓይንህ ደክሟል ማለት ዘፋኝን ድምፅህ ሞቷል እንደማለት ነው፣ አፉ እንቢ አለው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቀድሞ እየገባ፣ ጋሼ ትናንት ሰማያዊ ያደረጋቸውን ስክሪኖች ሹልክ አድርጎ ወደ ቦታቸው ይመልስ ነበር። ደግ ሠራሁ ብሎ። ነገር የሚበላሸው እኮ እንዲህ ባለው ደግነት ነው።

አንድ ጠዋት ጋሽ ከለር ማልዶ መጣና እጅ ከፍንጅ ያዘው። ፉጨት ሪሞቱን ይዞ፣ እያፏጨ፣ መሀለኛው ቴሌቪዥን ፊት ቆሟል። ቀድመው የገቡ ደንበኞችም አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

«ቢጫ የምታደርግብኝ አንተ ነህ?»

ፉጨት ደነገጠ፣ ግን አልካደም። ሰው እየሸሸ እንደሆነ፣ ስክሪኖቹ ከመጠን በላይ ሰማያዊ እንደሆኑ፣ እሱ የሚመልሳቸው ለቤቱ ብሎ እንደሆነ ለስለስ አድርጎ ነገረው። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ነጭ ወረቀት አወጣ።

«ጋሼ፣ እንደ ድሮው በወረቀት እንየው። የተሳሳትኩ እኔ ከሆንኩ ሁለተኛ እጄ አይነካውም። ግን ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ አይመስለኝም፤ አንድ ቀን ዓይንህን ብትታይ…»

አላስጨረሰውም። ወረቀቱን ከእጁ መንጭቆ ቀደደው። እስቲ አሁን ለደቂቃ ከስክሪኑ ጎን ቢይዘው ምን ነበረበት? በታመመ ዓይንም ቢሆን ሁለቱ ነጮች አንድ አለመሆናቸውን ያይ ነበር። እሱ ግን የሰማው «ዓይንህን» የምትለዋን ብቻ ነው፣ ያውም ሰው ፊት። የሸሹት ደንበኞች ታወሱት፣ የማዶው ጌም ቤት ታወሰው፣ ሁሉንም ደማመረና ደሙ ፈላ።

«ለማዶዎቹ ሸጥከኝ» አለው። «አንተን ሳሳድግ ለካ ጠላቴን ነው ያሳደግኩት።»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ጌማቸውን አቁመው አቀረቀሩ። ፉጨት የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠና ወጣ። እንደዚያ ሆኖ ሲሄድ ያየው ፀጉር አስተካካዩ፣ ሱቁ ከጌም ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ነው፣ ሰላም ብለው እንኳ አልሰማኝም ነበር ይላል።

ፉጨት ማዶ አልሄደም። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ቤቱ አጠገብ፣ አንድ የቴሌቪዥን መሸጫ ውስጥ ተቀጥሮ በየሰው ቤት ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን መስቀል ያዘ። ጋሽ ከለር ይኼን ሲሰማ ማዶ አለመሄዱ ሊያስደነግጠው ይገባ ነበር፤ እልህ ግን ጆሮ የለውም። ፀጉር አስተካካዩ መሀል ገብቶ ብዙ ደከመ። ልጁ ይጠይቅሃል፣ በዕረፍት ቀን ቤቴ ይምጣ ይላል፣ ልጆቹም አባባ ጋሼ የት ሄደ እያሉ አስቸገሩኝ ይላል እያለ ይመላለሳል። የጋሽ ከለር መልስ አንድ ናት፤ መጀመሪያ ዓይኔን ላለው ይቅርታ ይበለኝ። ወደ ቤቱ ገብቶ ግን ሻይ ሲቀዳ በልማድ ሁለት ብርጭቆ ይቀዳል፣ ከዚያ አንዱን መልሶ ይደፋዋል። ናፍቆት ነበር፣ ሌላ ስም የለውም። አፉ ግን «ይቅርታ ይበለኝ» ይላል። እኔ ሰው እንዲህ ራሱን ሲያሠቃይ ሳይ ትከሻውን ይዤ ልነቀንቀው ይቃጣኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ሽርጡን ሳያወልቅ፣ የደንበኛው ፀጉር ትከሻው ላይ እንደተበተነ ጌም ቤቱ ገባ። ተቀመጥ ቢሉት አልቀመጥ አለ። ፉጨት የሰው ቤት ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ሲሰቅል ደረቱን ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፣ አልተነሣም። ልቡ ነው። ሌላ የሚነገር ነገር የለውም።

ቀብሩ ላይ ጋሽ ከለር ከሰዉ ኋላ ቆመ። የወንድሙ ሚስት ፊት ለፊት እንዳለች ያውቃል፣ ልጆቹም ከሷ ጋር እንዳሉ ያውቃል፣ ግን ፊት ሁሉ ጭጋግ ሆኖበት ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ወደፊት ልሂድ አለና ተወው። ምን ብሎ ይሂድ? ሰዉ ደረቅ ነው አለ፤ ያሳደገውን ልጅ ቀብሮ ለሚስቱ አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ አለ። እውነት ነው፣ ሳይናገር ሄደ። ቤቱ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ግን የጎረቤት ግድግዳ ያለቀሰውን ሰምቷል።

ከዚያ ወዲያ ዓይኑ ሲጠፋ ግድ አልሰጠውም። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ክፍት ቱቦ ውስጥ እግሩ ገብቶ ወደቀ። ፀጉር አስተካካዩ ነው፣ እጁን እንደ ሕፃን ይዞ፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ የወሰደው። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። በመብራቷ አየችውና ሞራ ነው፣ ሁለቱም ዓይን ላይ ወፍሯል አለች። ሞራ ሲወፍር ዓለምን ቢጫ እንደሚያደርግ፣ ይኼም ቀስ እያለ ስለሚመጣ ባለቤቱ እንደማያውቀው፣ ብዙ ሰው ዓይኑን ትቶ መብራቱንና ግድግዳውን እንደሚጠረጥር እንደ ዋዛ ነገረችው። ጋሽ ከለር ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ይሆናል?» አላት።

ዓመታት ሳይሆነው አይቀርም አለችው። ከዚያ በኋላ ያወራችውን አልሰማም።

ባንዱ ዓይኑ ላይ ያለው ሞራ ተገፈፈ፤ ሌላኛው ከርሞ ይሠራል ተብሎ ቀጠሮ ተያዘለት። ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየው የሐኪሟን ጋዋን ነው። ነጭ። እንዲህ ያለ ነጭ መኖሩን ረስቶት ነበር፣ እንባው መጣ። አመስግኖ ወጣና ወደ ቤቱ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጌም ቤቱ ሄደ። ከፍቶ ስክሪኖቹን አንድ በአንድ አበራቸው፣ ነጭ ማሊያ የለበሰውን ቡድንም ከፈተ። ክፍሉ በሰማያዊ ተጥለቀለቀ። ማሊያው ሰማያዊ፣ የሜዳው መስመር ሰማያዊ፣ የሰዉ ጥርስ ሳይቀር ሰማያዊ። አዲሱን ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ በአሮጌው አየ፤ ነጭ፣ ጥርት ያለ፣ ራሱ ያስቀመጠው ነጭ። መዳፉን አነሣ፤ ሰማያዊ። ሸፈነ፤ ነጭ። ይኼን ስንት ጊዜ እንዳደረገው እሱም አያውቅ። መጨረሻ ላይ አግዳሚው ላይ ወደቀና የወንድሙን የሕፃንነት ስም ጠራ፣ የቤት ስሙን፣ እሱ ብቻ የሚጠራትን።

በማግስቱ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። በሩን አንኳኳ። የወንድሙ ሚስት ከፈተችለት፤ ድሮ «ጋሼ» ብላ ትስመው የነበረች ሴት አሁን «ይግቡ» ብላ ገለል አለች። ሳሎኗ ጠበብ ያለች ናት። ልጆቹ ሶፋው ላይ ተቀምጠው የመኪና እሽቅድድም ይጫወታሉ። ጋሽ ከለር ልጆቹን ሊስም ጎንበስ እንዳለ ቴሌቪዥኑን አየና ባለበት ቀረ። ሰማያዊ ነበር። እንደዚያው እንደ ጌም ቤቱ፣ አንድ እንኳ ሳይጎድል ሳይተርፍ።

«ይኼን ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለ።

ትልቋ ልጅ ፊቷን ቅጭም አድርጋ አባባ ነው አለች፤ እነሱን ያስጠላቸዋል፣ ግን እንዳይነካ ተብሏል። እናትየው የኩሽናውን በር ተደግፋ ቀሪውን ተናገረች። ከጋሼ በተጣሉ ሰሞን ነው ቴሌቪዥኑን የገዛው። የሰቀለው ዕለት ቁጭ ብሎ በጣም ለረጅም ጊዜ ሲነካካው ዋለ፤ ሲጨርስ እንዲህ የሚያስጠላ ሆነ። አብደሃል ወይ ብትለው፣ የጋሼ ዓይን ነጭ የሚያየው እንዲህ ሲሆን ነው፣ ሁልጊዜ እየመለስኩ ስለነበር የት ጋ እንደሚያቆመው እጄ ያውቀዋል አላት። ጋሼ አንድ ቀን መጥቶ ከልጆቹ ጋር ሲቀመጥ ቢጫ ሆኖበት እንዳይከፋ ብሎ ነው። በዕረፍቱ ቀን ሁሉ ሌላውን ጆይስቲክ ቻርጅ አድርጎ ይጠብቅ ነበር። ካረፈም በኋላ እሷ አላስነካችም።

«እንግዲህ መጡ» አለችው። «ነጭ ሆኖ ይታይዎታል?»

ጋሽ ከለር አዲሱን ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። መንገዱ፣ ሰማዩ፣ መኪናው ሁሉ ከነቀለሙ ቁጭ አለ። የሞተር ጭሱ ነጭ፣ ዳር ዳሩን ያለው አጥር ነጭ። እሱ ራሱ ቢያስተካክለው ከዚህ አያሻሽለውም። ደህና ዓይን ያለው ሰው፣ ለራሱ ሰማያዊ እያየ፣ ለወንድሙ የታመመ ዓይን ብሎ ያስተካከለው ነጭ ነው። ያ ነጭ የሚታየው አሁን በዚህ ባንድ አሮጌ ዓይን ብቻ ነው፤ የሱም ሞራ ሲገፈፍ ከዓለም ላይ ይጠፋል።

«ነጭ ነው» አላት። «አንድ ነገር አልሳተም።»

ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ትንሿ ልጅ ጆይስቲክ አቀበለችው። አዲሱን ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ዙር ከሷ ጋር ተጫወተ፤ መኪናውን ከአጥር አጥር ሲያላጋ ልጆቹ ሳቁበት፣ እሱም ሊስቅ ሞክሮ እንባው ቀደመው። ሲጨርሱ ሪሞቱን ለትልቋ ሰጣት። ራሱ ሊነካው አልቻለም። በቃል እየመራ የቀለም ሙቀት የሚለው ጋ አደረሳትና ወደ ሞቅ ያለው እንድትመልሰው ነገራት። ልጅቷ ቀስ እያለች መለሰችው። በአሮጌው ዓይኑ መንገዱ እየወየበ፣ አጥሩ ሻይ እየመሰለ ሲሄድ እስከ መጨረሻው ተከተለው። ልጅቷ አሁን ነጭ ሆነ ስትል ሁለቱንም ዓይኑን ገለጠ።

«አባታችሁ ልክ ነበረ» አለ። «ያን ጊዜም ልክ ነበረ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

የወንድሙ ሚስት ከበሩ አልተነቃነቀችም። አልተቆጣችም፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«ይህችን ቃል ሲጠብቅ ነው የሄደው» አለችው።

ልጆቹ ሌላ ዙር ጀምረው ነበርና ተጫወት እንጂ አባባ ጋሼ አሉት፤ እሱ ግን ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ እንደያዘ፣ እሽቅድድሙ መነሻ ላይ መኪናው ብቻውን እንደቆመ ቀረ።